ከሰርግ ፎቶ ጀርባ



ባለፈው ወር ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች «የቤተሰቤ ታሪክ» በሚል ርዕስ አንድ ገጽ ድርሰት እንዲጽፉ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ ከድርሰቷ ጋር የእናትና የአባቷን የሰርግ ፎቶግራፍ ይዛ መጣች። ፎቶው ጠርዙ ተበልቷል፤ መሐሉም ከመታጠፍ ብዛት ነጭ መስመር አውጥቷል። በላዩ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ይታያሉ። «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብዬ ስጠይቃት ሙሽሮቹን ብቻ አሳየችኝ። «ሌሎቹስ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «የቆሙ ሰዎች ናቸው» አለችኝ።

የክፍሉ ልጆች ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን መልሷ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ምክንያቱን ብታውቁ ይጠቅማችኋል ብዬ ስላሰብኩ ይህን ጽሑፍ ለበራሪ ጽሑፋችን አቀረብኩ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሒሳብና በአማርኛ አስተማሪነቴ ነው። ወደዚህ ካምፕ ከመምጣቴ በፊት ግን ካርቱም ውስጥ ሳጃና በሚባል ሰፈር ለዘጠኝ ዓመት ያህል ሰርግ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ በቤተሰብ ችግር ምክንያት ትምህርቴን አቋረጥኩ። በ2005 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ገባሁ። መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ቀለምና ቧንቧ መሸከም ነበር። ከዚያ አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት «ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ እፈልጋለሁ» ብሎ ወሰደኝ፤ በዚያው ቀረሁ።

ሳጃናን ለማታውቁት ጥቂት ልግለጽ። ሰፈሩ ከካርቱም መሐል ከተማ በስተደቡብ ይገኛል። ስሙ በዐረብኛ የእስር ቤት ጠባቂዎች ማለት ነው፤ ቀድሞ እነሱ ይኖሩበት ስለነበር ነው ይባላል። በኛ ጊዜ የሚታወቀው ግን በሕንፃ መሣሪያ ገበያው ነበር። ብረቱ፣ ቀለሙ፣ ሴራሚኩና የበር እጀታው በየሱቁ ደጃፍ ተደርድሮ ይውል ነበር። አጠገቡ ያለው ዴም የሚባለው ሰፈር ደግሞ የኛ ሰዎች በብዛት የሚኖሩበት ነበር። እዚያ እንጀራም፣ ቡናም፣ ሽሮም፣ ሻማም፣ ነጠላም ይገኝ ነበር። ከመካከላቸው ገና በደርግ ዘመን የተሰደዱ ነበሩ፤ ትናንት በመተማ የገቡም ነበሩ። ሁሉም ግን ይጋቡ ነበር። ሰው በስደትም ቢሆን መጋባቱን አይተውም።

እንግዲህ ያ ሰርግ በአገራችን እንደምናውቀው ዓይነት አልነበረም። በአገራችን ሽማግሌ ይላካል፤ ጥሎሽ ይቀርባል፤ ዳስ ይጣላል፤ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ የሙሽሪትን ቤት በር ያስከፍታል፤ ኋላም መልስና ቅልቅል ይደረጋል። ሳጃና ላይ ሙሽሪት የምትወጣበት የእናት ቤት የለም። ሁለት ክፍል ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ነው የምትኖረው። በሩን የሚዘጉት እነዚያ ጓደኞቿ ናቸው፤ የሚያስከፍቱትም የሙሽራው የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ሽማግሌ ሆኖ የሚላከው ብዙውን ጊዜ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ወይም ባለ ሱቅ ነው። ቬሎው የኪራይ ነው፤ በማግስቱ ለሌላ ሙሽራ ስለሚፈለግ ወጥ እንዳይነካው ሁሉም ይጠነቀቃል። ጠላ የለም፤ በፈንታው ከርከዴ ይቀዳል።

ቀኑም የተለየ ነበር። በሱዳን የሥራ ዕረፍት ዓርብ ስለሆነ ብዙው ሰርግ ዓርብ ይውላል። ሰዓቱም ቀን ነው። በዚያን ጊዜ የሕዝብ ሥርዓት የሚባል ሕግ ነበረ፤ በዚህ ሕግ መሠረት ወንድና ሴት ተቀላቅለው መጨፈር የተከለከለ ሲሆን፣ የዘፈን ግብዣ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ከምሽቱ 5 ሰዓትም ማለፍ አይችልም። ሕጉ የተሻረው ኦማር አል-በሽር በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የኛ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ካሴቱን ዝቅ አድርጎ እስክስታ ይመታ ነበር። እኔም ፎቶ ሳነሳ ዋናው ሥራዬ የሙሽሪት ኩል በላብ ከመፍሰሱ በፊት መቅደም ነበር።

የሱዳን ጎረቤቶቻችን ቸርነት ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። እነሱ ጅርቲቅ የሚባል የሰርግ ሥርዓት አላቸው። ሙሽሮቹን ቀይ ጨርቅ በለበሰ አልጋ ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ በእጃቸው ላይ ቀይ ሐር ክር ያስሩላቸዋል፤ ሽቶ ያለው ዱቄት ይቀቧቸዋል፤ ሙሽሮቹም ወተት በአፋቸው ይዘው እርስ በርስ ይረጫጫሉ። ብዙ ጊዜ የጎረቤት እናቶች የሐበሻ ሙሽራ ወላጅ እንደሌላት ሲያዩ ክሩን ይዘው መጥተው ያስሩላት ነበር። ከአንድ አልበም ውስጥ የኛን ካባ፣ የኪራይ ቬሎና የሱዳን ቀይ ክር አንድ ላይ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የቤተሰብ ፎቶ ሲነሳ ሙሽሮቹ መሐል ይሆናሉ፤ ወላጆች በግራና በቀኝ በወንበር ይቀመጣሉ፤ የቀረው ሰው ከኋላ ይቆማል። ሳጃና ላይ ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ወላጅ አልነበረም። አሠሪዬ ያስተማረኝ የመጀመሪያ ዘዴ ወንበሮቹን ማንሳት ነው። «ባዶ ወንበር ሰው ያስለቅሳል፤ አንሳውና ሰዉን አጠጋጋው» ይለኝ ነበር። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ።

በ2008 ዓ.ም. ግን አንዲት እናት ሌላ ነገር አሳዩኝ። እኚህ እናትና ባለቤታቸው የተጋቡት በ1983 ዓ.ም. በምሥራቅ ሱዳን በአንድ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ልጆቻቸው 25ኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩላቸው ፈልገው እኔን ጠሩኝ። እንደምታውቁት 25ኛው ዓመት የብር ኢዮቤልዩ፣ 50ኛው የወርቅ ኢዮቤልዩ ይባላል። ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከኦሪት ዘሌዋውያን የመጣ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ይህን ስም ያገኘው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ዓ.ም. የዘውዳቸውን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ ስለተሠራ ነው። የድሃ ሰው ኢዮቤልዩ ግን በተከራዩት ግቢ፣ በአንድ ትሪ ድፎ ዳቦና በአንድ ጀበና ቡና ይከበራል።

ልጆቹ ለእናታቸው ነጭ ቬሎ ተከራይተው መጡ። በሰርጋቸው ቀን ፎቶ ስላልተነሱ እንደ አዲስ ሙሽራ ለብሰው እንዲነሱ ነበር ሐሳባቸው። እናትየው እምቢ አሉ። «እኔ ያን ቀን የለበስኩት ነጠላ ነው፤ ያልሆነውን ለምን ሆነ እላለሁ?» አሉ። ከዚያም ከሣጥናቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ካርድ አወጡ። የካምፑ የራሽን ካርድ ናት። በላይዋ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጽፏል፤ ከሥሩ የቤተሰብ ብዛት 2 ይላል። «ሁለታችን አንድ ላይ የተጻፍንበት የመጀመሪያው ወረቀት ይህ ነው፤ ሰማንያችን እሱ ነው» አሉኝ። ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠው ካርዷን በሁለት እጃቸው ይዘው አነሳኋቸው። አሠሪዬ ፎቶውን ሲያይ ሳቀ፤ «የስንዴ ካርድ ይዞ ኢዮቤልዩ!» አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያን ጊዜ የሰጡኝን ትምህርት አልተማርኩም ማለት ነው።

ጥፋቴን የምነግራችሁ አሁን ነው። በ2010 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ አንድ ወጣት ሰርጉን እንዳነሳለት ቀጠረኝ። አገሩ ጎንደር አካባቢ ነው። እናቱ ቀደም ብለው ሞተዋል፤ አባቱ ታመው አገር ቤት ቀርተዋል። በሰርጉ ቀን ለሙሽሪት አክስት አንድ ወንበር፣ ለአባቱ ደግሞ አንድ ባዶ ወንበር አስቀመጠና እንዲሁ አነሳኋቸው። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ቤት መጣና ከኪሱ የአባቱን ትንሽ የመታወቂያ ፎቶ አውጥቶ ሰጠኝ። «ወንድሜ፣ አባቴን አጠገቤ አስቀምጥልኝ» አለ።

በዚያን ጊዜ በኮምፒዩተር ፎቶ መቀላቀል ለምጄ ነበር። ሁለት ሌሊት ሠራሁበት። ከሌላ ሰርግ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ገላ ወሰድኩ፤ የአባትየውን ራስ አስቀመጥኩበት፤ ብርሃኑ ከግራ ስለሚመጣ ጥላውን በቀኝ በኩል አደረግሁ። ሥራው ሲያልቅ እኔ ራሴ አመንኩት። ሙሽራው ሲያየው አለቀሰ። አንዱን ቅጂ ለአባቱ ላከላቸው፤ እሳቸውም ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለመጣ እንግዳ ሁሉ «እኔ ካርቱም ሄጄ አላውቅም፤ ፎቶዬ ግን ሄዷል» እያሉ ያስቁ እንደነበር ሰምቻለሁ። ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሃያ የሚበልጡ አባቶችና እናቶች ከአገር ቤት አምጥቼ ሳጃና ላይ አስቀመጥኩ። ክፍያው ከተራው ፎቶ እጥፍ ነበር። እኔም ኮራሁ።

በ2013 ዓ.ም. እነዚያ ባልና ሚስት ለስደተኝነት ጉዳያቸው ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። ለጋብቻቸው ማስረጃ ካቀረቡት አንዱ ይኸው የሰርግ ፎቶ ነበር። ጠያቂው ባልየውን «አባትህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃቸው መቼ ነው?» አለው። «በ2004 ዓ.ም. ከአገሬ ስወጣ ነው» ብሎ እውነቱን መለሰ። ጠያቂው ፎቶውን አውጥቶ «ታዲያ በ2010 ዓ.ም. ካርቱም አጠገብህ የተቀመጡት እነማን ናቸው?» አለው። ልጁ ደነገጠ። «አባቴ ናቸው፤ ግን ተለጥፈው ነው» አለ። ጠያቂውም «ታዲያ ከዚህ ውስጥ ያልተለጠፈው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ተማሪዎቼ፣ እስቲ ይህን ጥያቄ ልብ ብላችሁ አስቡት። ሰርጉ እውነት ነበር። ሙሽሪትም፣ አክስቷም፣ ከኋላ የቆሙት ሰዎችም እውነት ነበሩ። እኔ በጨመርኩት አንድ ሰው ምክንያት ግን ሁሉም ተጠረጠሩ። ጉዳያቸው ታገደ።

ሚስትየው በማግስቱ ፎቶ ቤት መጣች። ትጮሃለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልጮኸችም። «ወንድሜ፣ ያልተነካካውን ፎቶ ፈልግልን» ብቻ አለችኝ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ የድሮ ሥራ የሚቀመጥበት ካርቶን ሙሉ ዲስክ ነበር። አራት ቀን ፈለግሁ። በአምስተኛው ቀን አገኘሁት። ባዶዋ ወንበር እንዳለች ነበረች። አሳተምኩትና ከጀርባው የሁሉንም ስም በየተራ አስጽፌ፣ በአባትየው ቦታ «ወንበሩ ባዶ ነው፤ አባት አገር ቤት ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ራሴም ፎቶውን እንዴት እንደቀላቀልኩት የሚገልጽ ደብዳቤ ፈርሜ ሰጠኋቸው። ማስረጃውን ተቀበሏቸው፤ ነገር ግን ተራቸው ወደ ኋላ ተመለሰና መጠበቅ ጀመሩ። ጦርነቱ ሲነሳ ገና እየጠበቁ ነበር። መዘግየቱ በኔ ፎቶ ብቻ የመጣ ነው ብል ስለማላውቀው ነገር መናገር ይሆንብኛል፤ የኔ ፎቶ የለበትም ብልም ራሴን ማታለል ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ጋብቻ ማስረጃ ሕጉ ምን እንደሚል ጠያይቄ ነበር፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋልና ባጭሩ ልጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት፣ በ12ኛው አንቀጹ፣ ስደተኛው ቀደም ብሎ ያገኛቸው መብቶች፣ በተለይም ከጋብቻ የሚመነጩ መብቶች፣ እንዲከበሩለት ያዛል። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻዎች ይቀበላል። የጋብቻ የምስክር ወረቀት በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን፣ ቤተሰቦቻቸውና የአካባቢው ሰዎችም እንደዚያ አድርገው የሚያዩአቸው መሆኑን ማስረዳት እንደሚቻል ይናገራል። ፎቶ ብቻውን ጋብቻ አይሆንም። የሚጠቅመው የጎረቤት ዓይን ምን እንዳየ ስለሚያሳይ ነው። እናንተ «የቆሙ ሰዎች» የምትሏቸው ምስክሮቹ ናቸው።

ጦርነቱ የጀመረው ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለኛ ለክርስቲያኖቹ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ለሙስሊሞቹ ደግሞ የረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት። ብዙ ቤት ዶሮው ተገዝቶ ሽንኩርቱ ተከትፎ ነበር። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለማይደረግ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ሳምንት የኛ የሥራ ጊዜ ነው፤ በመዝገቤ ላይ ለዳግማዊ ትንሣኤ እሑድ፣ ሚያዝያ 15፣ አንድ ሰርግ ተጽፏል። ሙሽሮቹ ግማሹን ክፍያ ከፍለዋል። ፋሲካን በተኩስ ድምፅ መሐል አልጋ ሥር ተኝተን ዋልን። ከአምስት ቀን በኋላ ከጎረቤቶቼ ጋር ወጣሁ። ካሜራ ይዞ የፍተሻ ኬላ ማለፍ አደገኛ ስለሆነ ካሜራውን ትቼ ሁለት ሜሞሪ ካርዶች በበርበሬ ላስቲክ ውስጥ ቀብሬ ያዝኩ። ኮምፒዩተሩም፣ ዲስኩም፣ የኪራይ ቬሎዎቹም እዚያው ቀሩ።

ከካርቱም የወጣው ሰው በብዛት የሄደው ወደ ዋድ መደኒ ነበር። እኛም ተፈናቃይ በሰፈረበት አንድ ትምህርት ቤት አረፍን። እዚያ ግቢ ውስጥ ውኃ ልቀዳ ስሰለፍ ከፊቴ የቆመው ሰው ዞር ብሎ አየኝና «ግማሹን ከፍለናል እኮ!» አለኝ። የዳግማዊ ትንሣኤው ሙሽራ ነው። ሙሽሪትም ነበረች። ሁለቱም ከለበሱት በቀር ምንም አልያዙም። «እንግዲህ ሌላ ጊዜ ይደርሳል» ልላቸው ስል ሙሽሪት ቀደመችኝ፤ «ቀኑ አልተቀየረም» አለች።

በቀጠሮው ቀን ተጋቡ። ቄስ ስላልተገኘ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ለኋላ አቆይተው በሽማግሌዎች ምርቃት ነው የተጋቡት። አንዲት ከካርቱም የተፈናቀሉ ሱዳናዊት እናት ቶባቸውን ለሙሽሪት አለበሷት፤ ከመቀነታቸውም ቀይ ክር ፈተው በእጇ ላይ አሰሩላት። ድግሱ ፉልና ሻይ ነበር። ፎቶውን ያነሳሁት በስልክ ነው። ከክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ አወጣን፤ ሙሽሮቹ በአንዱ ጫፍ ተቀመጡ። በሌላው ጫፍ ማንም አልተቀመጠም። የሙሽሪት እናት ደሴ ናቸው፤ መስመር ስላልነበረ በስልክ እንኳ አልተገኙም። አንድ ሰው ሊቀመጥበት ሲል «ተወው፣ የናቴ ነው» አለችው። እኔም ወንበሩን አላነሳሁም፤ ሰውም አላጠጋጋሁም።

ካነሳሁ በኋላ አንድ ደብተር አወጣሁና አንድ በአንድ ስማቸውን ጠየቅሁ። አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ከነሱም ሁለቱ ሱዳናውያን፣ አንዱ ኤርትራዊ ነው። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ የሙሽሮቹ ምን እንደሆኑ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ለማን ቦታ እንደተተወ ጻፍኩ። ፎቶው ኋላ ገዳሪፍ ላይ ታተመ፤ ጽሑፉንም ከጀርባው በእጄ ገለበጥኩት። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጦርነቱ መደኒም ሲደርስ ያ ሰው ሁሉ ዳግመኛ ተበታተነ። አሥራ አራቱ አንድ ላይ ያሉት አሁን በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ስለ እነዚያ አባትየውን ስለለጠፍኩላቸው ባልና ሚስትም ልንገራችሁ። ጦርነቱ ከጀመረ ከአራት ወር በኋላ ሚስትየው ከፖርት ሱዳን ደወለችልኝ። ሁለቱም በሕይወት አሉ። ቤታቸው ተዘርፏል። «ፎቶውስ?» አልኳት። «ትልቁና ያማረው ቀረ፤ ከጀርባው የተጻፈበት ግን ከሰነዶቻችን ጋር አለ» አለችኝ። አባትየው በዚያው ዓመት አገር ቤት እንዳረፉም ነገረችኝ። የለጠፍኩት ፎቶ አሁንም ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሎ እንዳለ ሰምቻለሁ። እሱን አውርዱት አልልም፤ ሽማግሌው ተደስተውበታል። ከጀርባው አንድ መስመር ብጽፍበት ኖሮ ግን ደስታውም ይኖር ነበር፤ ልጃቸውም ባልተጠረጠረ። ያችን አንድ መስመር ያልጻፍኩት ሥራዬ እንዲደነቅ ስለፈለግሁ ነው።

ካርቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ሠራዊት እጅ መመለሷን ሰምተናል። ሳጃና ያለው ፎቶ ቤት ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ ሰው የለም። በዘጠኝ ዓመት ያነሳሁት ሁሉ ተሰብስቦ ሁለት ሜሞሪ ካርድ ሆኗል። በካርዶቹ ላይ ካሉት ሰዎች የግማሹን ስም አላውቅም። ፎቶው በጣም ጥርት ያለ ነው፤ የሙሽሪት የጆሮ ጌጥ እንኳ ይቆጠራል። ነገር ግን ማን እንደሆኑ የሚነግረኝ ስለሌለ ለኔም «የቆሙ ሰዎች» ሆነውብኛል። ያቺ ተማሪ የሰጠችኝ መልስ የከነከነኝ የራሴን ጉድለት ስላስታወሰችኝ ነው።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎቼ፣ ይህን የቤት ሥራ ለሁላችሁም ሰጥቻለሁ። ማርክ የለውም።

አንደኛ፣ ቤታችሁ ያለውን የሰርግ፣ የክርስትና፣ የኒካህ ወይም የማንኛውም በዓል ፎቶ አውጡና እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም ያሳደጋችሁን ሰው ስም በስም ጠይቁ። ዛሬ ጠይቁ፤ የሚያስታውሰው ሰው ሁልጊዜ አጠገባችሁ አይኖርም።

ሁለተኛ፣ ከፎቶው ጀርባ ቀኑን፣ ቦታውንና ስሞቹን ጻፉ። በእስክሪብቶ ስትጽፉ ወደ ፊት እንዳይወጣ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። ፎቶው በስልክ ብቻ ካለ በደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት።

ሦስተኛ፣ በፎቶው ላይ የሌለው ሰው ለምን እንደሌለ ጻፉ። ታስሮ ከሆነ፣ ሞቶ ከሆነ፣ መንገድ ተዘግቶበት ከሆነ፣ ተጣልቶም ቀርቶ ከሆነ እውነቱን ጻፉ።

አራተኛ፣ ፎቶ የሌላቸው ወላጆች ያሏችሁ ልጆች አትዘኑ። የራሽን ካርዷን ያቀፉትን እናት አስታውሱ። በሰርጉ ቀን ማን እንደነበረ ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ከጻፋችሁ፣ ስም የሌለበት አልበም ሙሉ ፎቶ ካለኝ ከኔ ትበልጣላችሁ።

በመጨረሻም ያቺ ተማሪ ድርሰቷን አስተካክላ ባለፈው ሰኞ አምጥታልኛለች። ከአሥራ አንዱ የሰባቱን ስም እናቷ ነግራታለች። ሁለቱ በሰርጉ ቀን ብቻ የታዩ ጎረቤቶች ስለሆኑ ስማቸው ጠፍቷል፤ እሱንም እንዳለ ጽፋዋለች። ከግራ ሦስተኛዋ፣ ቡናማ ሻርፕ ያደረገችው ሴት፣ ሙሽሪትን ያለበሰችና እናት ሆና የመረቀች የእንጀራ ነጋዴ ነበረች። ተማሪዋ የምትጠራው በሷ ስም ነው። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ይህን አታውቅም ነበር።